እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ፤ በገፈርሳና በአካባቢው በሚነሡ የዱር እንስሳት ሥዕሎች ላይ የቀረበ ትችት

እንስሳ ሕይወት ያለው መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋናው መንቀሳቀሱ ነው። ፎቶግራፍ ግን በባሕርዩ የቆመ ነገር ነው። ስለዚህ የዱር እንስሳ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚወጣ ሰው ሁሉ ገና ከመነሻው አንድ የማይታረቅ የሚመስል ነገር ይገጥመዋል፤ ይኸውም የሚሄደውን በማይሄድ ነገር ላይ ማሳየት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ችግር በልዩ ልዩ ፎቶግራፍ አንሺዎች እጅ እንዴት እንደ ተፈታ መመርመር፣ ከዚያም በብርድ ወራት በቡራዩ አጠገብ ባለው በገፈርሳ ግድብ፣ በሱሉልታ ሜዳና ከሰበታ በላይ በሚገኘው በመናገሻ ሱባ ደን ለሚሠራ ሰው የትኛው መንገድ እንደሚበጅ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን።

1. ስለ ወቅቱ ስም

ስለ ፎቶግራፍ ሥራ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት በዊንተር ወራት የዱር እንስሳት እንዴት እንደሚነሡ ብዙ ምክር ይሰጣሉ። እኛ ዊንተር የሚለውን ቃል «ክረምት» እያልን እንተረጉመዋለን፤ ትርጉሙ ግን ያሳስታል። የእኛ ክረምት የዝናብና የጭጋግ ወቅት ነው፤ አውሮፓ በበረዶ በሚሸፈንበት በታኅሣሥና በጥር ግን እኛ በጋ ላይ ነን። ዳሩ ግን በጋችን ብርድ የሌለው አይደለም። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ስለ ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ጎሕ ሲቀድም ከውኃው ላይ እንፋሎት ይነሣል።

ከዚህም በላይ በእነዚህ ወራት የአውሮፓንና የእስያን በረዶ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች እንግድነታቸው በእኛ ዘንድ ነው። አፉ እንደ ማንኪያ የሰፋው ሾቨለር የተባለው ዳክዬ፣ ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለው ፒንቴይል፣ በከብት እግር ሥር የምትሯሯጠው ቢጫዋ ዋግቴይል፣ በሣር ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ እያሰሰ የሚበረው ሃሪየር፣ እነዚህ ሁሉ የዊንተር እንስሳት ናቸው፤ ዊንተራቸውን የሚያሳልፉት ግን በእኛ በጋ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚለየው ብርሃኑ ነው። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ በሄልሲንኪ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ 7 ዲግሪ አትደርስም፤ ስለዚህ የዚያ አገር ፎቶግራፍ አንሺ አጭሩን ቀን በሙሉ በአግድም ብርሃን ይሠራል። በእኛ አገር ግን በዚያው ዕለት ፀሐይ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ በአንድ ሰዓት ውስጥ 13 ዲግሪ ያህል ትወጣለች፤ በቀትር 57 ዲግሪን ታልፋለች። ሄልሲንኪ ቀኑን ሙሉ ያላት ለስላሳ ብርሃን ለቡራዩ ሰው የአንድ ሰዓት ሀብት እንኳ አይሞላም። በረዶ ደግሞ ብርሃንን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልስ በራሪ ወፍ የክንፉ ሥር ሳይቀር ይበራለታል፤ የእኛ ሜዳ ግን ጠቆር ያለ አፈርና ገለባ ስለ ሆነ የክንፉ ሥር ይጨልማል። ከዚህ የተነሣ የፈረንጅን ምክር እንዳለ ተቀብሎ ገፈርሳ ላይ ማዋል አይቻልም።

2. ሁለቱ የታወቁ መንገዶች

እንቅስቃሴን በፎቶግራፍ ለማሳየት የታወቁት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የካሜራውን መዝጊያ እጅግ በማፍጠን እንስሳውን በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ ማስቀረት ነው። ሁለተኛው መዝጊያውን በማዘግየት እንቅስቃሴው በሥዕሉ ላይ ብዥ ብሎ እንዲሳብ ማድረግ ነው። የሁለቱን ልዩነት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ዳክዬ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢበር በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። መዝጊያው ለ1/1000 ሴኮንድ ቢከፈት ወፉ በዚያ ጊዜ የሚሄደው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ለ1/250 ቢከፈት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለ1/30 ቢከፈት ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ የመዝጊያው ፍጥነት የብርሃን መለኪያ ብቻ ሳይሆን ከእንስሳው ሕይወት ስንት ጊዜ ቆርጠን እንደምንወስድ የሚወስን ነው።

የመጀመሪያው መንገድ አባቶች የሳይንስ ሰዎች ነበሩ። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርንያ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ ባነሣ ጊዜ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ከሆድ በታች ሲሰበሰቡ እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ አለመሆኑን አሳየ። ብዙ ሠዓሊዎች ከዚያ በፊት ተዘርግተው ይሥሏቸው ነበር። ፈረንሳዊው ኤትየን ዡል ማሬ ደግሞ በ1882 በሴኮንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ የፎቶግራፍ ጠመንጃ ሠርቶ የወፎችን በረራ መረመረ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ የሚደነቀው አንድን ቅጽበት ስላስቀሩ አይደለም፤ ቅጽበቶችን በተራ ስላስቀመጡ ነው። ከማሬ ሥዕሎች አንዱ ብቻ ተነጥሎ ቢታይ የተሰቀለ ወፍ ይመስላል፤ ተራው ሲታይ ግን ወፉ ይበራል።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ፎቶግራፍ አንሺዎች ተራውን ትተው ነጠላውን ቅጽበት ወደዱ። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆስኪንግ በ1948 ያነሣት የጉጉት ሥዕል የዚህ መንገድ ታላቅ ምሳሌ ናት። ጉጉቷ አይጥ በአፏ ይዛ ክንፎቿን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለ ተነሣች ከጀርባዋ ጨለማ ብቻ ነው። በዘመኑ መሣሪያ ይህን ማግኘት ታላቅ ችሎታ እንደ ነበረ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ሥዕሏ የምትመስለው በጋሻ ላይ የተቀረጸ ዓርማን ነው። ጉጉቷ ከየት መጣች? ወዴትስ ትሄዳለች? ሥዕሉ አይመልስም። ላባዋን አንድ በአንድ መቍጠር እንችላለን፤ መብረሯን ግን የምናውቀው ስለምናይ ሳይሆን አስቀድመን ስለምናውቅ ነው።

በሁለተኛው መንገድ ስሙ የገነነው ኦስትሪያዊው ተወላጅ ኤርንስት ሃስ ነው። በ1957 ላይፍ በተባለው መጽሔት የወጡት የበሬ ፍልሚያ ሥዕሎቹ በቀስታ በተከፈተ መዝጊያ የተነሡና ቀለማቸው እንደ ውኃ የሚፈስ ናቸው። በሃስ እጅ ይህ መንገድ ኃይል ነበረው፤ የበሬው ክብደትና የጨርቁ መወዛወዝ ይለያሉና። ከእርሱ በኋላ በመጡት ብዙ ሰዎች እጅ ግን መንገዱ ልማድ ሆነ። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናየው ነጭና ግራጫ መስመር የተሳበበት፣ ዳክዬ ይሁን ርግብ የማይለይ ሥዕል ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚያሳየን የካሜራውን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፉን መሄድ አይደለም። ፊተኛው መንገድ እንስሳውን ጠብቆ እንቅስቃሴውን ቢያጠፋ፣ ይህኛው እንቅስቃሴውን ጠብቆ እንስሳውን ያጠፋል።

3. የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ያወቁት

ለዚህ ችግር መፍትሔ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የተሣለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እንመልከት። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቷል፤ የሰማዕቱ ካባ ከኋላው ተነሥቶ በነፋስ ተሞልቷል፤ ፊቱ ግን ወደ ተመልካች ዞሮ በታላላቅ ዓይኖቹ ጸጥ ብሎ ያያል። ሠዓሊው ሁሉን ነገር አላስሮጠም፤ ሁሉንም አላቆመም። ፊቱ ይቆማል፤ ካባው ይሄዳል። መሄዱ የሚታወቀውም የቆመ ነገር አጠገቡ ስላለ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺም ከዚህ ሊማር የሚገባው ይህንኑ ነው። በራሪውን ወፍ በዓይኑ እየተከተለ ካሜራውን ከወፉ እኩል ቢያዞርና መዝጊያውን ለ1/60 ወይም ለ1/30 ሴኮንድ ቢከፍት፣ የወፉ ራስና ዓይን ለካሜራው እንደ ቆመ ይሆናል፤ ክንፉ ግን ይወዛወዛል፤ ከኋላ ያለው ሸንበቆም ይሳባል። ይህ ሥራ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል፤ ከብዙ ሙከራም ጥቂቱ ብቻ ይሳካል። ዳሩ ግን ከመዝጊያው ቍጥር በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ምን ይቁም? ምንስ ይሂድ?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ እንስሳውን ማወቅ ግድ ነው።

4. ስማቸው በእንቅስቃሴያቸው የሚታወቅ እንስሳት

በጉብኝት መጽሔቶችና በቀን መቍጠሪያዎች ላይ የሚወጡት የአገራችን እንስሳት ሥዕሎች አብዛኞቹ ለመታወቂያ ወረቀት የተነሡ ይመስላሉ። ወፉ በጎኑ ቆሞ አንድ ዓይኑን ያሳያል። እንዲህ ያለው ሥዕል ጥቅም የለውም አንልም፤ ለመለየት ያገለግላል። ይሁን እንጂ በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ሙዚየም ከተቀመጡት በድርቆሽ ከተሞሉ ወፎች የበለጠ ነገር ካልነገረን፣ በውርጭ እስከ ገፈርሳ መውጣት ለምን አስፈለገ?

ይባስ ብሎ የቆመው ሥዕል የወፉን ስም እንኳ የማይናገርበት ጊዜ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውንና በገፈርሳ የሚታየውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እንውሰድ። ሲቆም ግራጫና ቡናማ ነው፤ ስሙን ያገኘበት ሰማያዊ የሚሸፈነው ክንፉ ሲታጠፍ ነው። የሚገለጠውም ሲበር ነው። ስለዚህ ይህን ዝይ ሁልጊዜ ቆሞ የሚያነሣው ሰው ሰማያዊውን ክንፍ ትቶ ሰማያዊ ክንፍ ዝይን አነሣሁ ይላል። በሌላ በኩል ይኸው ዝይ በምድር ላይ ሲሄድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ የማስደገፍ ልማድ አለው። ይህም እንቅስቃሴ ነው፤ ግን የፍጥነት ሳይሆን የአካሄድ ነው። በሴኮንድ አንድ ሜትር የማይሞላ እርምጃ የሚሄደውን ወፍ በ1/30 ሴኮንድ ቢያነሡት አካሉ ጸንቶ እግሩ ብቻ ይለሰልሳል።

በእውነተኛው ክረምታችን ደግሞ ከሆለታ ወዲያ በበርጋ ረግረግ የምትራባ ኋይት ዊንግድ ፍለፍቴይል የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፤ በዚያ ቦታ መራባቷ የታወቀው በ1997 ነው። ከዓለም ብርቅ ወፎች አንዷ ናት። ስሟ ነጭ ክንፍ ማለት ሲሆን፣ ነጩ የሚታየው ከሣሩ ውስጥ ተነሥታ ለጥቂት ሴኮንድ ስትበር ብቻ ነው። የእርሷም ስም እንቅስቃሴዋ ነው።

ሌላው ምሳሌ በየመንደሩ አጠገብ የሚታየው፣ ምንቃሩ የወፈረና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቁራ ነው። ይህ ቁራ በፍግ ውስጥ ያሉትን ትሎች ለማውጣት ምንቃሩን እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ፍጉን ይበትናል። ቁራውን በአጥር ላይ ቆሞ ያነሣ ሰው ምንቃሩ ትልቅ መሆኑን ያሳየናል፤ ፍግ ሲበትን ያነሣው ግን ምንቃሩ ለምን እንደሚያገለግል ያሳየናል። እዚህ ላይ አካሉ ይቆማል፤ ምንቃሩና የሚበተነው ፍግ ይሄዳሉ። በመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ከጎንና ከጎኑ ያለው ረጅም ነጭ ጠጕርና የጅራቱ ጫፍ ከኋላው ይነሣሉ። ፊቱ ጥቁርና የተሰበሰበ ነው። የጊዮርጊስን ካባ ያየ ሰው ምን መጠበቅ እንዳለበት እዚህ ያውቀዋል።

5. በበረዶ ፋንታ

በረዷማ አገር የሚሠሩ ሰዎች አንድ ታላቅ ረዳት አላቸው። የሚወርደው በረዶ በሥዕሉ ላይ ይሳባል፤ የሚሮጠው እንስሳ በረዶውን ይረጫል፤ ዱካው ከኋላው ይቀራል። ነፋሱና ጊዜው በዓይን ይታያሉ። በ2015 «አርክቲክ» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ቨንሳን ሙንዬ እንስሳውን አሳንሶ ቦታውን በማስፋት የሚታወቅ ነው። ይህን ሥራ ያዩ አንዳንዶች «እኛ በረዶ ስለሌለን አይሆንልንም» ሊሉ ይችላሉ። አስተያየቱ ትክክል አይመስለንም። በረዶው ያገለገለው በረዶ ስለ ሆነ ሳይሆን የእንቅስቃሴን ምልክት ስለሚቀበል ነው። ምልክት የሚቀበል ነገር በእኛም ዘንድ አለ።

የመጀመሪያው ውኃ ነው። ሾቨለር ዳክዬዎች ብዙ ሆነው አፋቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ አንዱ የቀሰቀሰውን ምግብ ሌላው ይለቅማል። ካሜራው በመቆሚያ ላይ ጸንቶ መዝጊያው ለግማሽ ሴኮንድ ቢከፈት በውኃው ላይ ክቡ ይጻፋል። ሁለተኛው የጧት እንፋሎት ነው፤ ዳክዬ ሲነሣ እንፋሎቱን ይቀደዋል፤ የተቀደደበትም ቦታ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሦስተኛው ትንፋሽ ነው፤ ጋጋኖ በጎሕ ሲጮኽ ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ትንፋሹ ከምንቃሩ ሲወጣ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ጩኸትም በሥዕል ሊገባ ይችላል ማለት ነው። አራተኛው በውርጭ የነጣው ሣር ነው፤ ወፍ የሄደበት መስመር ጠቁሮ ይቀራል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ምድሩ ሲሞቅ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ በረጅም ሌንስ የሚነሣ ሥዕል ይበላሻል። እንግዲህ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ የሚገኙት በዚያችው አጭር የጧት ጊዜ ነው።

ምልክት ያለ ብዥታም እንቅስቃሴን ሊናገር እንደሚችል ለማሳየት ከአካባቢያችን ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2024 ዓመት በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ እንደ ችቦ ቀጥ ብለው ከሚቆሙ አበቦች ማር ስትልስ የሚያሳዩ የአድሪየን ለሳፍር ፎቶግራፎች ከአንድ የሳይንስ ጥናት ጋር ወጥተዋል። ጥናቱ አንዳንዶቹ ቀበሮዎች በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኙ ይናገራል፤ የአበባው ዱቄትም በአፍንጫቸው ዙሪያ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ቀበሮዋ ቆማለች፤ ሆኖም ከአበባ ወደ አበባ መሄዷን በአፍንጫዋ ላይ ያለው ዱቄት ይመሰክራል። ሥዕሉን ያስገኘው የመዝጊያ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የእንስሳውን ልማድ የሚያውቅ ሰው በቦታው መገኘቱ ነው።

6. የፍርሃት እንቅስቃሴ

አሁን የምንነቅፈው አንድ ልማድ አለ። የበረራ ሥዕል ፈልጎ ትዕግሥት ያጣ ሰው ድንጋይ ይወረውራል፣ ወይም ወደ መንጋው ይሮጣል። ወፎቹም ይነሣሉ፤ ሥዕሉም ይገኛል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥዕል ራሱን ያጋልጣል። ወፎቹ ሁሉ ጀርባቸውንና ጅራታቸውን ለተመልካች ሰጥተዋል፤ የሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ያም ከካሜራው መራቅ ነው። ይህ የእንስሳው ኑሮ ሳይሆን የአንሺው ታሪክ ነው። ከዚህም ሌላ በብርድ ጧት የሚባክነው ኃይል ቀላል አይደለም፤ ከሩቅ አገር የመጣው ዳክዬ ለመመለሻው ጉዞ ስብ ማጠራቀም አለበትና። ወፎች ለመብላት፣ ለመታጠብና ለማደሪያ በየሰዓታቸው በፈቃዳቸው ይበራሉ። ያንን ሰዓት ማወቅ ከድንጋዩ ይሻላል። ግድቡም የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚገኝበትና ጥበቃ ያለበት ቦታ ስለ ሆነ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

7. መደምደሚያ

ይህ ሁሉ የሥነ ጥበብ ክርክር ብቻ አይደለም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ የሚገኙ፣ ቤቱና ፋብሪካው እየበዛ የሄደባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ ዝይ ለመቆም የሚያስፈልገው መሬት ከአንድ ምንጣፍ አይበልጥም። የቆመውን ዝይ ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ለተመልካቹ ሳያውቀው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ወፍ ትንሽ ቦታ እንደሚበቃው። ሲነሣ፣ ሲዞር፣ ሲያርፍ የሚያሳየው ሥዕል ግን ውኃውን፣ ሸንበቆውንና ሜዳውን አብሮ ያስገባል፤ ያለ እነርሱ በረራው አይነሣምና። የቆመው ሥዕል በአጥር ግቢም ሊገኝ ይችላል። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያስሰው ሃሪየር ግን ሜዳው ካለቀ የሚነሣበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የአገራችን የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ በጥራት ሳይሆን በዕውቀት ጎድሏል። የሚያስፈልገውም ፈጣን መዝጊያ ያለው ውድ ካሜራ ብቻ አይደለም። በዚህ ሥራ ለሚሰማሩ የትምህርት ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ካሜራውን ሳያነሡ ቢያንስ አንድ ጧት አንድን ዓይነት ወፍ ብቻ በዓይን መከታተልና ልማዱን መጻፍ፤ ሁለተኛ፣ ማሬ እንዳደረገው ሥዕሎቹን በተራ ማስቀመጥና ያልተሳኩትንም አለመጣል፤ ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመዝጊያውን ፍጥነት መመዝገብ። እንዲህ የተሰበሰበ ሥዕል ለግድግዳ ጌጥ ባይበቃ እንኳ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገፈርሳ ላይ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር ምን ያደርግ እንደ ነበረ ለሚጠይቅ ተማሪ መልስ ይሆናል።